ኮምፒውተሩ እስኪመጣ «ከሆነ»ን እናስተምር

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ፕሮግራሚንግ ሲወራ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት ነው። በአማራ ክልል፣ ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ዙሪያ ያለ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከወሬው ውጭ ነው። እኔ ግን ከእሱ እንጀምር እላለሁ፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር፣ በአማርኛ። እ.ኤ.አ. በ1972 ማርሴይ ላይ የተሠራው ፕሮሎግ የተባለው ቋንቋ ኮምፒውተሩን «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያን አድርግ» አይለውም። የታወቀው ነገርና ደንቡ ይነገረዋል፤ ከዚያ ይጠየቃል። ይህ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይም ይሠራል። መምህሩ «የአበራ ማሳ ጉማራ ወንዝ ዳር ነው፤ የጥሩነሽ ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ጉማራ ሞልቷል» ብሎ ይጽፋል። ደንቡን ይጨምራል፦ «ማሳው ወንዝ ዳር ከሆነ፣ ያ ወንዝም ከሞላ፣ ሰብሉ ይበላሻል።» የማን ሰብል ይበላሻል? የአበራ። የጥሩነሽስ? ልጁ የጎደለውን ዐረፍተ ነገር በጣቱ ማሳየት አለበት፤ ርብ ሞልቷል የሚል አልተጻፈም። አልተጻፈም ማለትስ አልሞላም ማለት ነው? የፎገራ ልጅ በዚህም አያበቃም። «አበራ የዘራው ሩዝ ከሆነስ? ሩዝ ውኃ ይወዳል» ይላል። ደንቡ ጎደሎ መሆኑን አወቀ ማለት ነው፤ ሰብሉ ጤፍ ከሆነ፣ ሩዝ ከሆነ እየተባለ ይታረማል። ትምህርቱ ያለው እዚህ እርማት ላይ ነው።

ልጅ ለሎጂክ አልደረሰም የሚሉ አሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ሮበርት ኮዋልስኪ ግን ሎጂክን የኮምፒውተር ቋንቋ አድርጎ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ለ10 እና ለ11 ዓመት ልጆች አስተምሯል። እርግጥ ነው፣ ፕሮሎግ በትምህርት ቤቶች አልሰፋም፤ ጀማሪዎችን የሚያደናግረው በተለይ ማሽኑ መልሱን የሚፈልግበት መንገድ ነበር። ያንን ለሁለተኛ ደረጃ እናቆየው፤ እውነታው፣ ደንቡና ጥያቄው ለትንሾቹ ይበቃል። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በግጭት ትምህርት በተቋረጠበት ክልል፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እያለ ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ? ቅንጦት የሚሆነው ከንባብ ሰዓት ላይ ሲሻማ ነው። እዚህ ግን ሥራው ራሱ ንባብ ነው፤ አንዲት «ና» ወይም «ወይም» ከተዘለለች መልሱ ይበላሻል። ለመምህሩም ባዕድ አይሆንበትም፤ በባህላዊው የ«ተጠየቅ» የችሎት ሙግት አገር ያደገ ሰው ጥያቄን ከማስረጃ ጋር ማያያዝ ያውቃል። በሳምንት አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ ደንቦቹን ልጆቹ ራሳቸው ከማሳቸው ያመጣሉ።