የቦብ ዲላን ፊርማና የእኛ ሰው ገንዘብ

ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ወገኖቻችን ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዚህ አምድ ተነስቶ የማያውቅ ነው። የታዋቂ ሙዚቀኞችን፣ በተለይም የቦብ ዲላንን ፊርማ የያዙ መጻሕፍት ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል ወይ? የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ቀልደኞች አይደሉም። አንደኛው በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ወንድማችን ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ በየሰፈሩ ከሚደረገው የቤት ዕቃ ሽያጭና ከየቤተ መጻሕፍቱ ዓመታዊ ሽያጭ መጽሐፍ በአንድና በሁለት ዶላር እየለቀመ በኢንተርኔት በሃያና በሠላሳ ዶላር መሸጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ ዕቁብ ወጥቶለት 12,000 ዶላሩን በሙሉ የዲላን ፊርማ ባለባቸው መጻሕፍት ላይ ሊያውለው አስቧል። «ጋሼ፣ ባንክ ከሚተኛ አይሻልም?» ነው ያለኝ።

መልሴ «አይሻልም» የሚል ነው። ምክንያቴ ግን ብዙዎቻችሁ የምትጠረጥሩት አይደለም።

በእኛ ዘንድ መጽሐፍ የሚከበረው ውስጡ ለተጻፈው ነገር ነው። ላዩ ላይ ለተጫረ ፊርማ ገንዘብ መስጠት ሥራ የፈታ ፈረንጅ የሚያደርገው ነገር ተደርጎ ይታያል። አንዲት የማከብራቸው እናት ይህን ወሬ ሲሰሙ «ልጄ፣ ፊርማማ የእኔም አለልህ» ብለው አስቀውኛል። ይሁን እንጂ ገበያው የሚቀለድበት አይደለም። ዲላን በ1965 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ያወጣው «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» የተሰኘ ዘፈን፣ በእጁ የተጻፈው ረቂቅ በጁን 2014 በኒው ዮርክ የሶዝቢስ ጨረታ ላይ 2,045,000 ዶላር ተሽጧል። ወረቀቱ ምን ዓይነት መሰላችሁ? እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ የነበረው የሮጀር ስሚዝ ሆቴል ስም የታተመበት አራት ገጽ የሆቴል መጻፊያ ወረቀት ነው! በ2016 ደግሞ ሰውዬው የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ መጽሐፍ ሰብሳቢውም ከሙዚቃ ወዳዱ ጋር ተሰልፎ ስሙን መፈለግ ጀመረ። በዚያው ዓመት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያጠራቀማቸው ማስታወሻዎቹና ረቂቆቹ ኦክላሆማ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ተልሳ ከተማ እንደሚሄዱ ተገለጸ። በሜይ 2022 በስሙ የተሰየመው ማዕከል እዚያው ተከፍቷል። ዋና ዋናው ወረቀት እንዲህ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ፣ ለተራው ሰው የሚቀርለት የተፈረመ መጽሐፍና የተፈረመ የሸክላ ልባስ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በኖቬምበር 2022 የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሳይመን ኤንድ ሹስተር የተባለው ትልቅ አሳታሚ የዲላንን «ዘ ፊሎሶፊ ኦቭ ሞደርን ሶንግ» የተሰኘ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ 900 ቅጂዎችን ለይቶ «ደራሲው በገዛ እጁ የፈረመባቸው ናቸው» በማለት እያንዳንዱን በ599 ዶላር ሸጠ። ሒሳቡ ሲመታ 539,100 ዶላር ነው። ከመጽሐፉ ጋር በድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተፈረመ፣ ፊርማው እውነተኛ ስለ መሆኑ የሚመሰክር ደብዳቤ ነበረ። ገዢዎቹ መጽሐፉ እንደ ደረሳቸው ፎቶግራፍ እያነሱ እርስ በርስ አስተያዩት። ሰው ፊርማውን መቶ ጊዜ ቢፈርም መቶውም በጥቂቱ ይለያያል፤ እዚህ ግን አንዱ ሰው ዘንድ ያለው ፊርማ ሌላው ከተማ ካለው ጋር ጭረት ሳይቀር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፊርማውን ያሰፈረው «ኦቶፔን» የተባለው መሣሪያ ነበር፤ ይህም የሰውን ፊርማ አንድ ጊዜ ተቀብሎ እውነተኛ ብዕር በሜካኒካል ክንድ ይዞ የሚደግም ማሽን ነው። አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን እንደሚመልስ አስታወቀ። ዲላንም መግለጫ አወጣ። ከ2019 ጀምሮ ራስ ማዞር እንደ ያዘው፣ ሕመሙም ወረርሽኙ ባለበት ጊዜ እንደ ቀጠለ፣ ብዙ ዕቃ ለመፈረም አምስት ሰው አጠገቡ ሆኖ መሥራት ስላለበትና የውል ቀን ስለ ደረሰበት ማሽኑን እንዲጠቀም መመከሩን፣ ይህም ትክክል እንዳልነበረ አምኗል። በማሽኑ የተፈረሙ የሥዕል ኅትመቶቹም ነበሩ።

እኔ ለሽማግሌው አዝናለሁ። በሰማንያ ዓመቱ፣ ራሱ እየዞረበት፣ 900 ጊዜ ስሙን እንዲጽፍ መጠበቅ ራሱ ግፍ ነው። ነገሩ ሁሉ ለእኔ ያለው በደብዳቤው ላይ ነው። ያ ደብዳቤ የወጣው ከማን ነው? ከሻጩ።

ትምህርቴን በውጭ አገር ስጨርስ በሒሳብ ምርመራ ክፍል መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። አንድ ድርጅት «ባንክ ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ» ብሎ በማኅተም ቢጽፍልኝ እንደ ማስረጃ ደካማ ነው፤ ባንኩ ራሱ በቀጥታ ለእኔ ሲጽፍልኝ ግን ጠንካራ ነው። የማስረጃ ክብደት የሚለካው መስካሪው ከነገሩ ጥቅም ባለው መራቅ ነው። የፊርማ ገበያ ግን በአብዛኛው የቆመው በተገላቢጦሽ ነው። የሚሸጠው ሰው ያትማል፣ የሚሸጠው ሰው ይመሰክራል፣ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊም ይጨምርበታል። በ1990ዎቹ ኤፍ.ቢ.አይ. «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚል ስም የስፖርተኞችን ፊርማ አስመስለው የሚሠሩ ቡድኖችን ሲከታተል፣ ከሐሰተኛው ፊርማ ጋር ሐሰተኛ የምስክር ወረቀትም አብሮ ይሸጥ ነበር። እኛ ደግሞ ከቀበሌ ደብዳቤ ጀምሮ እስከ ኢሚግሬሽን ወረቀት ድረስ ክብ ማኅተም እያየን የኖርን ሕዝብ ነን። ማኅተም ያለበትን ወረቀት መጠራጠር አላደግንበትም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ነጋዴ ምቹ ደንበኞች እንዳንሆን እሰጋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ማሽኑ በሕግ ዘንድ የተናቀ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2011 ፈረንሳይ ሳሉ የፓትሪዮት አክትን ማራዘሚያ ሕግ ያስፈረሙት በዚሁ በኦቶፔን ነው፤ ሕጉም ጸንቷል። ሕግ የሚያጸና ማሽን መጽሐፍን ከ599 ዶላር ወደ መደብር ዋጋ ያወርዳል ማለት ነው። ምክንያቱም ሰብሳቢው የሚገዛው ቀለሙን አይደለም፤ «ያ እጅ ይህን ገጽ ነክቷል» የሚለውን ነገር ነው። ያ ካልሆነ የቀረው የታተመ ወረቀት ነው።

ማሽን በሌለበትም ቢሆን ገበያው ንጹሕ አይደለም። በ1960ዎቹ ቢትልስ በዓለም ሲዞሩ ለሕዝቡ ከሚታደለው ፊርማ ብዙውን የሚጽፉት ኒል አስፒናልና ማል ኤቫንስ የተባሉ ረዳቶቻቸው ነበሩ። የኤልቪስ ፕሬስሊ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ «አክስቴ ራሷ በደብዳቤ ጠይቃ በፖስታ የተላከላት ነው» የሚል ሻጭ አክስቱን እየዋሸባት ላይሆን ይችላል፤ ፊርማው ግን የጸሐፊዋ ይሆናል።

ሕግ ያድነናል የምትሉ ካላችሁ፣ ካሊፎርኒያ ሞክራ ነበር። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ማንኛውም ከ5 ዶላር በላይ የሆነ የተፈረመ ዕቃ የማረጋገጫ ወረቀት ይኑረው የሚል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ የመጽሐፍ መደብር ባለቤት ክስ መሠረተ፤ በየሳምንቱ ደራሲ ጋብዞ ለሚያስፈርማት ለእያንዳንዷ መጽሐፍ ዶሴ ሊከፍት ኖሯል! በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ መጻሕፍት ወጡ። እኔ በዚህ ከመደብሩ ባለቤት ጎን ነኝ፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ያ የሥራ ማስፈቻ ነው። ነገር ግን ተሻሻለ ማለት የመጽሐፍ ገዢ ራሱን ይጠብቅ ማለት ነው።

ታዲያ ወንድማችን ምን ያድርግ? የለቀማውን ሥራ ይቀጥል። ይህ ሥራ ንጹሕ ነው፣ መነሻው ትንሽ ነው፣ ጉልበትና ዓይን ይጠይቃል፣ ለእኛም ሰው ይስማማል። መጽሐፍን እንደ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ማስረጃው እጁ ላይ ነው። የዲላን «ታራንቱላ» በማክሚላን በ1971 የታተመ ነው፤ የመጀመሪያው ኅትመት መሆኑን ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይናገራል፣ የውጭ ልባሱ መኖር አለመኖሩን ማንም ያያል፣ ልባሱ ላይ ዋጋ ካልታተመ ወይም ጥጉ ተቀዶ ከሆነ የመጽሐፍ ክበብ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ይወርዳል። ይህንን ለማወቅ ኤክስፐርት አያስፈልግም፤ ጥቂት ወር መለማመድ ይበቃል። ፊርማ ያለበትን ዕቃ የግድ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ባለቤት የተያያዘ ዱካ ያለውን ይግዛ። ቀን ያለበት ደረሰኝ፣ ፊርማው ሲሰፍር የተነሳ ፎቶግራፍ፣ የዘመኑ ፖስታ፣ የመሳሰለው ማለት ነው። በ1949 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥንታዊ መጻሕፍት ሻጮች ማኅበር አባላት ለሸጡት ዕቃ እውነተኛነት ኃላፊነት የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ ውድ የሆኑትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልግባ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የማይጠይቀኝ። «ኢንቨስትመንት» የምትሉት ነገር በታክስ ሕግ ዘንድ ከአክሲዮን ጋር እኩል አይታይም። ከዓመት በላይ የተያዘ አክሲዮን ትርፉ በፌዴራል ደረጃ ቢበዛ 20 በመቶ ሲከፈልበት፣ መጽሐፍና ፊርማን የመሰለ የሚሰበሰብ ዕቃ ግን እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለመነገድ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ትርፉ እንደ ማንኛውም የሥራ ገቢ ሆኖ የገቢ ታክሱና 15.3 በመቶው የግል ሥራ ታክስ ይመጣበታል፤ በአንጻሩ የቤንዚን፣ የፖስታና የማሸጊያ ወጪውን ይቀንሳል። ለደስታው ብቻ የሚሰበስብ ሰው ሲከስር ኪሳራውን መቀነስ አይችልም፤ ሲያተርፍ ግን ይከፍላል። ከጡረታ ሒሳቡ (አይ.አር.ኤ.) ውስጥ ይህን ዓይነት ዕቃ የገዛ ሰውም ገንዘቡን እንዳወጣ ተቆጥሮ ታክስ ይጠየቃል። በ2025 የወጣው ሕግ የኢንተርኔት ገበያዎች ለመንግሥት ሪፖርት የሚያደርጉበትን ወለል ከ20,000 ዶላርና ከ200 ሽያጭ በላይ አድርጎ መልሶታል። ይህን የሰሙ ሰዎች «ከዚያ በታች ታክስ የለም» ሲሉ እሰማለሁ። ወረቀቱ አልመጣም ማለት ገቢው አልነበረም ማለት አይደለም።

የመኖሪያ ፈቃድን በሚመለከትም አንድ ነገር አለ። የራስን የቆየ መጽሐፍ መሸጥ ሌላ፣ እየገዙ መሸጥ ሌላ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው ይህን ንግድ በየሳምንቱ ቢያካሂድ ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊያስጠይቀው ይችላል። በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያሉ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዙ ግን በራሳቸው መነገድ ይችላሉ። ለዜግነት በሚሞላው ቅጽ ላይም ያልተከፈለ ታክስ አለብህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ለሠላሳ ዶላር መጽሐፍ ብሎ እዚያ ላይ መንተባተብ አያስፈልግም።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ ስለ ፈረንጅ ወረቀት ስጽፍ የራሳችን ሰው ምድር ቤት ትዝ አለኝ። አምኃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምኃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች፣ «ኢትዮፒክ» የተሰኘው ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ መውጣት ከያዘ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋሉ። ከወላጆቻችን ሻንጣ ጋር የመጡ አሉ። እናት ወይም አባት አርፈው ልጆች ቤቱን ሲያጸዱ እንዲህ ያለ ሳጥን ቢያገኙ፣ የውርስ ዕቃ ለታክስ የሚቆጠረው በሞቱ ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ ነው እንጂ ሟች በገዙበት አይደለም። ስለዚህ ሸክላውንም ሆነ የተፈረመውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት ፎቶግራፍ አንስቶ በጽሑፍ ማስገመት ያስፈልጋል። የቤት ኢንሹራንሱም ለእንዲህ ያለ ዕቃ በአብዛኛው ትንሽ ጣሪያ ስላለው ያንኑ ግምት አያይዞ ተጨማሪ ውል መጠየቅ ይቻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ዋጋ መገመት ለእኔም ለታክስ መሥሪያ ቤቱም አስቸጋሪ ነው።