ይድረስ ጠብታን በማግኔት ለምትነዱ ተመራማሪዎች

የምጽፍላችሁ ከሰቆጣ፣ ከዋግ ኽምራ ነው፤ ሥራዬ የደም ናሙና መመርመር ነው። ሐሳባችሁን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት አሠራራችሁን ነው።

ሐሳቡማ ግሩም ነው። በሲሊካ የተለበጠ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ጠብታው ውስጥ ይገባል፤ የበሽታ አምጪው ተሕዋሲ ዲኤንኤ ይለጠፍበታል። ከሥር ማግኔት ሲሳብ ብናኙ ተሰብስቦ ከጠብታው ያፈተልክና ወደ ማጠቢያው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ጠብታ ይሻገራል። ፓምፕ የለ፣ ቱቦ የለ፣ ሴንትሪፊዩጅ የለ። ማግኔት መብራት ጠፋ ብሎ ሥራ አያቆምም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ሲነሳ ነዳጅ ለሚፈልግ ላቦራቶሪ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል?

እናንተ ግን የሰጣችሁንን መልሳችሁ ወሰዳችሁት። ተራውን ማግኔት በኤሌክትሮማግኔት ተካችሁ፤ ካሜራ፣ ኮምፒዩተርና ማሞቂያ ጨመራችሁ። ጽሑፋችሁ ግን አሁንም የሚጀምረው «ለገጠር ጤና ጣቢያ» በሚል ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን ብትጠሩት ደስ ይለኝ ነበር።

የምታሳዩትን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ እንደ ታዘዘ ልጅ ሲሄድ ያምራል። ከታማሚ ጣት የወጣ ደም ግን ወፍራም ነው፤ ካልፈጠኑበት ይረጋል፤ ብናኙን ያጣብቀዋል። ማግኔቱን ፈጠን አድርጎ የሳበ ሰው ብናኙን ከኋላ ጥሎት ይሄዳል። ብናኙ ካነሰ ደግሞ የጠብታውን ቆዳ መቅደድ ያቅተውና እዚያው ይቀራል። የማግኔት ጉልበት በርቀት ቶሎ ስለሚደክም ጠብታው የሚያርፍበት ሰሌዳ በአንድ ሚሊ ሜትር መወፈሩ እንኳ ውጤቱን ይለውጣል። ሰቆጣ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ያልተሸፈነ ጠብታ እጃችሁ ላይ ሳለ ይጎድላል። በዘይት ሸፍኑት ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ዘይቱን ማን ይልካል?

ስለ ወባ ደግሞ ለየብቻ ልናገር። ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃና ወደ ተከዜ ሸለቆ ስትወርዱ ወባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ የወጣው ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምሮ፣ ከፋልሲፓረም ወባ 9.7 በመቶ የሚሆነውን ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን መመርመሪያ (አርዲቲ) ሊስተው እንደሚችል አሳይቷል። ተሕዋሲው ፕሮቲኑን የሚሠራውን ጂን ስላጣ ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ተስፋ ነው፦ ተሕዋሲው ሄሞግሎቢን በልቶ የሚተወው ሂሞዞይን ብረት ያለበት ክሪስታል ስለሆነ በማግኔት ይሳባል።

ታዲያ መሣሪያችሁን በምን ፈተናችሁት? ብዙ ጊዜ በሰው ሠራሽ ክሪስታልና በንጹሕ ፈሳሽ። ፋልሲፓረም ሲጎለምስ በውስጥ አካል ደም ሥሮች ይደበቃል፤ ከጣት በወሰድኩት ደም ስላይድ ላይ በብዛት የማየው ለጋውን፣ የቀለበት ቅርጽ ያለውን ነው። በእሱ ውስጥ ሂሞዞይን ከሞላ ጎደል የለም። ይህን ስላይድ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ዲዛይኑ ሲሠራ አልተጠየቀም። የተጠራው መጨረሻ ላይ «ሥልጠና» ሊወስድ ነው፤ እሱም አዳራሽ ውስጥ፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር።

ከዚህ በፊት ጂንኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ ማሽን አስተምሮን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለቲቢ ሲያጸድቀው ብዙ ተስፋ ተጣለበት፤ ብዙ ሰውም ጠቅሟል። ግን ካርትሪጁ ከ28 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ማሽኑም መብራት ይፈልጋል። ጽጽቃ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ ሳትጠይቁ ሌላ ካርትሪጅ አትሥሩልን።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ በሚበዛበት ወቅት፣ አንድ ሳምንት እዚህ ተቀመጡ። መሣሪያውን በእጅ በሚያዝ ማግኔት ብቻ ሞክሩት፤ ሞካሪውም እናንተ ሳትሆኑ እዚሁ የሚሠራው ባለሙያ ይሁን። ከዚያ በምታሳትሙት ሠንጠረዥ ውስጥ ትክክል ከወጡት ውጤቶች ጎን ስንት ጠብታ እንደተጣበቀ፣ ስንቱ እንደደረቀ፣ ስንት ጊዜም ብናኙ መንገድ ላይ እንደቀረ አንድ አምድ ጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሰቆጣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ