«ሪሞት» ማለት ከማን የራቀ ነው?



ስለ ቦረና፣ ስለ ሳይንት፣ ስለ ወግዲና ስለ ከለላ በሚጻፈው ጥናትና ማመልከቻ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል አዘውትሮ ይገኛል፤ እርሱም «ሪሞት» የሚለው ነው። እኛም የወላጆቻችንን ቀዬ በዚሁ ቃል መጥራት ለምደናል። ስለዚህ ቃሉን ብንመረምረው መልካም ነው እንላለን።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሬ» ወደ ኋላ፣ «ሞቬሬ» ማንቀሳቀስ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ተጋጥመው «ወደ ኋላ የተገፋ» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እንግዲህ በጥንቱ ፍቺ የተገፋ ካለ ገፊም አለ። በዛሬው አነጋገር ግን ገፊው ተረስቶ፣ ርቀቱ የመሬቱ ጠባይ መስሎ ቀርቷል።

የእኛው «ሩቅ» ግን «ከየት?» ተብሎ ይጠየቃል። ደሴ ተቀምጦ መካነ ሰላምን ሩቅ የሚላት ሰው፣ ለመካነ ሰላም ሰው ደሴም ያንኑ ያህል ሩቅ መሆኗን ይዘነጋል።

ታሪክንም እንጠይቅ። መቅደላ የምትገኘው በዚሁ በደቡብ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ መድፉን በዝሆን ጭኖ፣ መንገድ እየጠረገ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ሲመለስም የብራና መጻሕፍታችንን ጭኖ ሄደ። ለመድፍ ያልራቀ አገር ለመድኃኒትና ለመጽሐፍ ስለ ምን ይርቃል?

የቴሌቪዥኑንም ማዘዣ «ሪሞት» እንለዋለን፤ ሥራው ሳይጠጉ ማዘዝ ነውና። ቅጽሉም ሳይጠጉ ለመፍረድ ያመቻል። «ቦታው ሪሞት ስለ ሆነ አልተቻለም» ከተባለ በኋላ ማን እንዳልቻለ የሚጠይቅ የለም።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ስሟ ስለ ራሷ ይናገራል፤ ቅጽሉ ግን ስለ ተናጋሪው መቀመጫ ብቻ ይናገራል።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ከእንግዲህ በጽሑፋችን «ሪሞት» ብለን አንለፍ። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስንት ሰዓት ተጉዛ ሐኪም ቤት እንደምትደርስ፣ ሕፃኑ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ወንዝ እንደሚሻገር፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ስንት ወር እንደሚዘጋ ቈጥረን እንጻፍ። ቅጽል ዕዳን ይሸፍናል፤ ቍጥር ግን ባለዕዳውን ያስጠይቃል።