ርካሽ ጉልበት እያለ እኛን ማን ይቀጥራል?

"ስደተኛ ሥራችንን ወሰደው" የሚል ፖስት በየጊዜው ብቅ ይላል። ሼር ታደርጉታላችሁ፣ እኔም አየዋለሁ፣ ንዴቱም ይገባኛል። በአካውንቲንግ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ "ልምድ 3 ዓመት" የሚለውን ማንበብ የሰለቸኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ኤንጂኦ ቢሮ ተቀምጦ ስለ ሰብዓዊነት እንደሚሰብካችሁ ሰው አትዩኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሳችን ጥቅም ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። አንድ ኮንትራክተር በር ላይ ሁለት ወጣት ቆሟል። አንደኛው የሀገሩ ልጅ ነው፤ ደሞዙ ቢቆረጥ ሠራተኛ ጉዳይ ሄዶ ይከሳል፣ ቢጎዳ ሕክምናውን ይጠይቃል። ሌላኛው የስደተኛ መታወቂያ ብቻ ነው ያለው። ሥራ ፈቃድ የለውም፣ ውል አይፈርምም፣ ማታ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ባይሰጠውም የሚጮህበት ቦታ የለውም። ኮንትራክተሩ ማንን ይወስዳል? መልሱን ታውቁታላችሁ። እና ልጁን በማባረር ይሄ ያልቃል ወይ? ነገ ሌላ ወረቀት የሌለው ይመጣል። ዋጋችንን የሚያወርደው ሰው ያለ ወረቀት ማሠራት መቻሉ ነው። ስደተኛው በሕግ፣ በውል፣ በእኩል ደሞዝ ቢቀጠር ግን ቀጣሪው እሱን ከኛ የሚያስመርጠው የዋጋ ልዩነት አይኖርም። ያኔ ውድድሩ በችሎታ ይሆናል፤ በችሎታ ደሞ አንፈራም።

ብዙዎቻችሁ "ስደተኛ መሥራት አይፈቀድለትም" ትላላችሁ። እንደዛ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት መብት ሰጥቷል። በግሉ ሥራ መፍጠር ይችላል፤ በእርሻ፣ በንግድ፣ በእደ ጥበብ፣ በአነስተኛና ጥቃቅን። ተቀጥሮ መሥራትም ይችላል። መንግሥትና ዓለም አቀፍ ማኅበረሰቡ በጋራ በሚሠሯቸው ፕሮጀክቶች ላይ ከሆነ ደሞ ልክ እንደ ኢትዮጵያዊ ይታያል። ሕጉ አለ እኮ! ችግሩ ቀጣሪው ጋ አልደረሰም።

ይሄን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምለው። ባለፈው ዓመት አንድ ፋብሪካ ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ተወዳድሬ ነበር (አላለፍኩም፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው)። ወረፋ ስንጠብቅ ከፊቴ የነበረው የስፌት ማሽን ጥገና ዓመታት የሠራ ስደተኛ ነው። ማሽኑ ጋ ወስደው ሞከሩት። ሠራው። ከዛ የሰው ኃይል ኃላፊዋ "ቆይ፣ ፈቃዱን የሚሰጥህ ማነው?" አለችው። እሱ አያውቅም። እሷም አታውቅም። ስልክ ደወለች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አዞሯት፣ በመጨረሻ "ስትጨርስ ተመለስ" ብላ ሸኘችው። የሚጨርሰው ነገር ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። ማሽኖቹ እንደቆሙ ቀሩ። አሁን ልብ በሉ፣ ማሽኖቹ ላይ ቁጭ ብለው ሊሰፉ የሚችሉት የኛው እህቶች ናቸው። እሱ ባለመቀጠሩ እነሱም ሥራ አላገኙም።

ቀጣሪውን መርዳት ስል ገንዘብ ስጡት ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ አንድ መስኮት ይኑረው። ሰውየው ስደተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው፣ የሥራ ፈቃድ ነገር ደሞ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ትንሽ ጋራዥ ያለው ሰው በነዚህ መካከል ሲመላለስ አይውልም፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ በጓሮ በር ያስገባዋል። ሁለተኛ፣ ችሎታ ማረጋገጫ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ዲፕሎማውን በፌስታል ቋጥሮ አይመጣም። እኛ ሲኦሲ እንደምንፈተነው እሱም ይፈተን፣ ካለፈ አለፈ፣ ከወደቀ ወደቀ። ቀጣሪውም በግምት አይቀጥርም።

ከዛ በኋላ ያለው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። ሰው በተቀጠረ ማግስት ሥራ ቦታው ላይ ምን ይገጥመዋል? ፎርማኑ "ተጠንቀቅ!" ሲል የማይገባው ሰው ክሬን ሥር ሊቆም አይገባም፤ እሱንም አብረውት ያሉትንም ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሥራ ቋንቋ የሚያስተምረው፣ ከማሽኑ ጋር የሚያለማምደው፣ የሥራ ሰዓትና የቅጣት ደንቡን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻው የሚቀመጥ፣ በቀለሙና በአነጋገሩ የሚቀለድበት ሠራተኛ ሁለት ወር አይቆይም፤ ቀጣሪውም "እነሱ አይረቡም" ብሎ ይደመድማል። ይሄን ማስተካከል የኃላፊው ሥራ ነው፣ ግን ማንም አሠልጥኖት አያውቅም።

እና ይሄን ሁሉ ማን ይሥራው? እኛ! ጋምቤላ ያደገ ኑዌርኛ የሚናገር ተመራቂ፣ ጅግጅጋ ያደገች ሶማልኛ የምትናገር የማኔጅመንት ምሩቅ፣ አሶሳ አረብኛ የሚችል ልጅ አሁን ቤት ቁጭ ብለዋል። በቀጣሪና በስደተኛ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም፣ የሚያለማምድ፣ ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው ራሱ ሥራ ነው። የእርዳታ ብሩ ለወርክሾፕና ለሆቴል ከሚሄድ ለነዚህ ልጆች ደሞዝ ይሁን ብለን መጠየቅ አለብን።

በመስከረም 2009 ኒው ዮርክ ላይ ቃል የተገባውን ታስታውሳላችሁ? 100 ሺህ ሥራ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሊፈጠር፣ ከዛ ውስጥ 30 ሺው ለስደተኞች። ብሩ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው፤ ከእንግሊዝ፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከዓለም ባንክ። ያኔ ሁሉም ስለ 30 ሺው ነበር የጮኸው። ቀሪው 70 ሺህ የማን ነበር? የኛ። ስደተኛው ባይኖር ያ ብር በዛ መልኩ አይመጣም ነበር። ዕቅዱ እንደታሰበው አልሄደም፣ ግልጽ ነው። ካምፑ ሌላ ቦታ፣ ፓርኩ ሌላ ቦታ። ደሞዙ ሐዋሳ ያለችውን እህታችንን እንኳን የቤት ኪራይ የማያስከፍል፣ ካምፕ ውስጥ ራሽን ያለውን ሰው በምን ይስበዋል? በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ዓመታት አልፈውም ወለሉ ሳይቀመጥ ቆይቷል። የደሞዝ ወለል የሌለበት ሀገር ውስጥ ስደተኛና ዜጋ ወደ ታች ነው የሚወዳደሩት።

"ኮታ ይቀመጥ" የምትሉም አላችሁ። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2016 አድርጋዋለች፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉት ሶሪያውያን ከቱርካውያኑ 10 በመቶ እንዳይበልጡ። ማመልከቻውን የሚያስገባው ቀጣሪው፣ ክፍያውም በሱ። ምን ሆነ? አብዛኛው ሶሪያዊ በድብቅ መሥራቱን ቀጠለ፣ የቱርክ ሠራተኛም ከርካሽ ጉልበት ጋር መወዳደሩን ቀጠለ። ወረቀቱ ካልቀለለ ኮታ ብቻውን ማንንም አይጠብቅም። እኔ የምመርጠው ዶሎ አዶ ላይ የተሞከረውን ነው፤ በኢኬአ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተቋቋሙት የመስኖ ማኅበራት ስደተኛውንና የአካባቢውን ሰው አብረው ነው አባል ያደረጉት። ፋብሪካም እንደዛ ይሁን፦ አንድ ስደተኛ ሥልጠና ሲገባ አንድ የአካባቢው ሥራ አጥ አብሮ ይግባ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ደሞዝ።

ሀገር ወዳድ ነኝ። ለዛም ነው ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ የተቀበለች ሀገር ውስጥ ይሄ ሁሉ ጉልበት በጓሮ በር ሲነገድበት ዝም የማልለው። በነገራችን ላይ ሪያድና ቤይሩት ውስጥ ወረቀት የለሽ ተብለው ደሞዛቸው የሚበላው የኛው ልጆች ናቸው፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያላችሁበት ከተማ ስደተኛ የሚያሠራ ድርጅት ካለ፣ ለሱ በቀን ስንት ይከፍላል? ለናንተስ ለዛው ሥራ ስንት ይላል? የድርጅቱንም የሰውንም ስም አትጻፉ። ከተማውን፣ የሥራውን ዓይነትና ሁለቱን ቁጥር ብቻ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። ሰብስቤ ለከተማችን የሥራና ክህሎት ቢሮ ይዤ እሄዳለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርግ።