«ካንሰር አምጪ» የሚለው ምድብ ምን ይናገራል?

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነውና መቀመጫውን በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ያደረገው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አስፓርታም የተሰኘውን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከተባሉት ነገሮች ጋር መመደቡ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ በሚያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ ስጋት ፈጥሮ ነበር። በተመሳሳይ ወቅት ግን የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም የሚለውን የቀድሞ ገደብ ሳይለውጥ አጽንቷል። ውሳኔዎቹ የሚቃረኑ ቢመስሉም የመለሱት የተለያየ ጥያቄ ነው።

ኤጀንሲው የሚመዝነው የማስረጃን ጥንካሬ ነው። በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው የተረጋገጠ ነገሮች በምድብ 1፣ የማስከተል ዕድላቸው ከፍ ያለ በ2ኤ፣ ሊያስከትሉ የሚችሉ በ2ቢ፣ ለመፈረጅ በቂ ማስረጃ ያልተገኘላቸው ደግሞ በምድብ 3 ይቀመጣሉ። የጉዳቱን መጠን ግን ምድቡ አይገልጽም። እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ እ.ኤ.አ. በ2015 ትምባሆ ካለበት ምድብ 1 ገብቷል። ይሁን እንጂ ኤጀንሲው በወቅቱ በጠቀሰው ግምት መሠረት፣ የተቀነባበረ ሥጋ ከሚበዛበት አመጋገብ ጋር የተያያዘው የካንሰር ሞት በዓለም ዙሪያ በዓመት 34 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ በትምባሆ ምክንያት የሚደርሰው 1 ሚሊዮን ያህል ነው።

ምድቡ በአዲስ ማስረጃም ይለወጣል። ከ1991 ጀምሮ በ2ቢ የቆየው ቡና በ2016 ወደ ምድብ 3 ተዛውሯል፤ በአንጻሩ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ በ2ኤ ተመድቧል። ስለዚህ ቡና ወዳዱ ሲኒውን ከመተው ይልቅ ጥቂት ቢያበርደው ይበቃዋል።

ለሠራተኞች ግን ከማጣፈጫው ይልቅ በሥራ ቦታ ያለው ነገር ይበልጥ ያሳስባል። አስቤስቶስ፣ በድንጋይና በኮንክሪት ቆረጣ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ፣ የናፍጣ ሞተር ጭስ፣ የፀሐይ ጨረርና የቀለም ቅብ ሙያ ሁሉም በምድብ 1 ይገኛሉ። ሸማች የማይፈልገውን መጠጥ ሊተው ይችላል፤ የግንባታ ሠራተኛ ግን የሚተነፍሰውን አየር ብቻውን አይመርጥም። ብናኝን በውኃ ማርጠብ፣ የጭስ መውጫ ማበጀትና ተገቢውን የአፍንጫና አፍ መሸፈኛ ማቅረብ በቅድሚያ የአሠሪው ኃላፊነት ሲሆን፣ ሠራተኛውም የቀረበለትን መከላከያ በአግባቡ ሊጠቀምበት ይገባል።