ፍሬውን ወድዶ ዘሩን መንቀፍ




ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰምቶ የማያደንቅ የቢሮ ሠራተኛ አላውቅም። ይሁን እንጂ ያ ጥበብ ያለ ልፋት አልተገኘም። ወጋየሁ በወጣትነቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ሠርቷል፤ እንደ ደበበ እሸቱ ሁሉ ሀንጋሪ ሄዶም የቴአትርን ሙያ ተምሯል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም፣ በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተዋንያንን አስቀድመው በመድረክ አለማምደው ነበር።

እኛ ግን ፍሬውን እንወዳለን፤ ዘሩን እንነቅፋለን። በማስተምርበት ክፍል ግጥም ሲያነብ ጓደኞቹን ሁሉ ጸጥ የሚያሰኝ አንድ ተማሪ አለ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ሳሉ፣ «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብለው ከድራማ ክበብ አስወጡት። አዝማሪነትስ ቢሆን በጎንደር ምድር ምን ነውር አለበት?

የፎገራ ገበሬ ሩዙን የሚያጭደው ዘርቶና አርሞ ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን አይከልክሉ፤ የትምህርት ባለ ሥልጣኖችም ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ መድረክና በሳምንት አንድ የልምምድ ሰዓት ይፍቀዱ።

አንድ መምህር
ከወረታ