ርካሹ ዘይት ለማን ነው?

የኑሮ ውድነት ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፦ «ለምን ከሸማቾች አትገዙም? ለምን እሁድ ገበያ አትወጡም?» ያጣነው ስለሰነፍን ነው ለማለት ነው። እኛ ደመወዛችን የወሩን አጋማሽ የማይሻገር የአዲስ አበባ ተከራዮች፣ ዛሬ መልስ አለን።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሐሳቡ መልካም ነው። ከአምራቹ በጅምላ ገዝቶ፣ ደላላውን ዘልሎ፣ በትንሽ ትርፍ ለነዋሪው ማድረስ ማንን ይከፋዋል? በእሁድ ገበያም ሽንኩርትና ድንች ከጉልት ሲረክስ አይተናል። ጥያቄያችን «ረክሷል ወይ?» ሳይሆን «ለማን ነው የረከሰው?» የሚል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የድጎማ ዘይትና ስኳር በታደለ ጊዜ ሁሉ የሚጠራው በወረዳው መዝገብ ያለ አባወራ ወይም እማወራ ነው። ሦስት ሆነን አንዲት ሰርቪስ ቤት ለምንጋራው ልጆች የቤት ቁጥሩ የአከራያችን ነው። መታወቂያችን የደብረ ብርሃን ወይም የወልቂጤ ነው፤ «መሸኛ አምጡ» እንባላለን። አራት ክፍል የሚያከራዩት እትዬ ዘይቱን በድጎማ ይወስዳሉ፤ ተከራያቸው ከሱቅ በውድ ይገዛል። እትዬን አንወቅሳቸውም። የምንወቅሰው መዝገቡን ነው።

ሁለተኛው ጆንያው። ጤፍ የሚረክሰው ኩንታሉን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ነው። እኛ እንጀራ የምንገዛው በቁጥር ነው። ዘይት በ5 ሊትር ጀሪካን ሲገዛ ሊትሩ ይቀንሳል፤ ለስላሳም በሳጥን ለሚገዛ ይረክሳል። ለዛሬ ወጥ የምትበቃ ዘይት በትንሽ ላስቲክ የምትገዛ እናት ግን ከሁሉም በላይ ትከፍላለች። ያለው በጅምላ ይቆጥባል፣ የሌለው በችርቻሮ ይከስራል።

ሦስተኛው ሰልፉ። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢሰለፍ የዕለት ገቢው ሄደ ማለት ነው። ሰልፍም ዋጋ ነው፤ የማይታየው በብር ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

«ታዲያ መንግሥት ዋጋ ይተምን?» አንልም። በ2003 ዓ.ም. አይተነዋል። ከዘይትና ከስኳር እስከ ሥጋና ቢራ ዋጋ ተተመነ፤ ብዙው ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ በዚያው ዓመት ተመኑ ከአብዛኛው ላይ ተነሳ። የማይገኝ ዕቃ ርካሽነቱ ምን ይረባል?

የምንለው ቀላል ነው። የሸማቾች ሱቅ ከሥራ ሰዓት በኋላም ይከፈት። ጤፍና ዱቄት በኪሎ፣ ዘይት በሊትር፣ በዚያው በርካሹ ሒሳብ ይሸጥ። ድጎማ ካለ ተከራይም ይቆጠር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ካዘዘ ወዲህ፣ ማንም «አናውቃችሁም» ሊለን አይገባም። ለኪራዩ የሚታወቅ ስም ለዘይቱ የማይታወቅበት ምክንያት የለም።

ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። እኛ ቅቤ አልጠየቅንም። የጠየቅነው የሚረጋውን ዘይት ነው፤ ግን በእውን።